ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከቤተሰብ የሚጠበቀው



ከካኩማ ልጆች አንዱ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ሲሰማ ብሎኩ በሙሉ ይደሰታል። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አዛውንቶች ይመርቃሉ። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምርቃቱ አልቆ ልጁ አውቶቡስ ላይ ከተሳፈረ በኋላ ቤተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ሰው የለም። ከወላጆቻችን አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ይህን የምንጽፈው መምህራንም ትምህርታችን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርበውን ያገኘነው ያስተማርናቸው ልጆች ለእረፍት ሲመለሱ ከነገሩን፣ ከወላጆቻቸውም ጋር ተቀምጠን ከተረዳነው ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ዓመት ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ ነበር። መምህሩ በስሙ ይጠራዋል፤ አንድ ቀን ቢቀር ቤት ድረስ ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን በአንድ አዳራሽ ሁለትና ሦስት መቶ ተማሪ ሊቀመጥ ይችላል። ቢቀር ለምን ቀረህ የሚለው የለም። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ከካምፕ ውጭ ሲኖሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። በስዋሂሊ ቀልድ ሲቀለድ ሳይገባቸው አብረው ይስቃሉ። አንዳንዶቹ ስደተኛ መሆናቸው እንዳይታወቅ ሲሉ ከሰው ይርቃሉ። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ከሩቅ ሆኖ ልጁን ሊያጠነክረው ወይም ሳያውቅ ሊያዳክመው ይችላል።

ከመሄዱ በፊት

የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የሚያበቃው በኖቬምበር ሲሆን አዲስ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ብዙውን ጊዜ በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር ነው። በመካከሉ ረጅም ጊዜ አለ። ይህ ጊዜ ለወረቀት ሥራ ይዋል። የፈተና ውጤት ሰርተፊኬት፣ የመግቢያ ደብዳቤ፣ የስደተኛ መታወቂያ፣ የጤና ቅጽና ጉርድ ፎቶግራፎች በአንድ ቦርሳ ይቀመጡ። ሁሉም ሁለት ሁለት ኮፒ ይነሣ፤ አንዱ ኮፒ እናት ዘንድ ይቅር። ዋናው ወረቀት መንገድ ላይ ቢጠፋ ቢያንስ ቁጥሩ ይገኛል። ከካምፕ ለመውጣት የሚሰጠው ሙቭመንት ፓስ የሚያበቃበት ቀን አለው። ያን ቀን ልጁ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡም ጽፎ ይያዘው። ከካኩማ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ኪታሌ፣ ከኪታሌም ኤልዶሬት ድረስ ፖሊስ በየኬላው ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል።

ወንድ ልጆቻችንን ምግብ ማብሰል እናስተምራቸው። ይህን ስንል የሚስቁብን አባቶች አሉ። ሆኖም ከዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ቦታ አጥቶ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ፣ ሽሮ መሥራት ካልቻለ የወር ገንዘቡን በሁለት ሳምንት ሆቴል ውስጥ ይጨርሳል። ሽሮና በርበሬ ቋጥራችሁ ብትልኩ ደግሞ ከብዙ ምክር ይሻላል። ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ በጎ ምግብ ነው፤ ግን በየቀኑ ሲሆን የቤት ናፍቆት ያመጣል። ወፍራም ልብስም አይረሳ። ኤልዶሬት ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ከካኩማ ሙቀት ለመጣ ልጅ ሌሊቱ ይከብዳል።

የገንዘብ ነገር

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንናገራለን፤ ምክንያቱም ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ከዚህ ነው።

ዳፊ የሚባለው የትምህርት ዕድል እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ተጀመረ። ካኩማም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነበር። ዕድሉ የሚካሄደው በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል ሲሆን፣ ስሙ የተሰየመው ራሱ ከናዚ ጀርመን ተሰድዶ በነበረው በሳይንቲስቱ በአልበርት አይንስታይን ነው። ዳፊ የትምህርት ክፍያን፣ ለምግብና ለመኖሪያ፣ ለመጓጓዣ፣ ለመጻሕፍትም የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል። ይህ ገንዘብ ለአንድ ሰው ኑሮ ተቆጥሮ የተመደበ ነው። ደመወዝ አይደለም። ወደ ቤት የሚላክ ትርፍም የለውም።

ይሁን እንጂ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ራሽን ሲቀነስ፣ ታናሽ እኅት ስትታመም፣ ብድር ሲጠየቅ ዓይን ሁሉ ወደ ተማሪው ይዞራል። "እሱ እኮ በየጊዜው ይቀበላል" ይባላል። ልጁም እምቢ ማለት አይችልም፤ እናቱ ናትና። አንድ ተማሪያችን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሙሉ ከተሰጠው ገንዘብ እኩሌታውን በኤምፔሳ ወደ ቤት ይልክ ነበር። እሱ በቀን አንድ ጊዜ ይበላል። እናቱ ይህን አላወቁም፤ ቢያውቁ ኖሮ እንኳን ሊቀበሉት የራሳቸውን ይልኩለት ነበር። ያወቁት ለእረፍት ሲመጣ ከስቶ ባዩት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡ ተቀምጦ በግልጽ ይነጋገር። አባት ወይም እናት በአፋቸው "ከዚህ ገንዘብ ምንም አንጠብቅም" ቢሉት ልጁ ትልቅ ሸክም ይወርድለታል። ዝም ማለት አይበቃም፤ ልጆቻችን ዝምታን እንደ ጥያቄ ይቆጥሩታልና። አጎትና አክስት፣ ጎረቤትም እንዲሁ ይነገራቸው። ከቤተሰብ ውጭ የሚመጣውን የብድር ጥያቄ ወላጅ በራሱ ላይ ይውሰደው፤ "ገንዘቡን የምናዝበት እኛ አይደለንም" ብሎ ይመልስ። ክፍያው አንዳንድ ጊዜ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ልጁ ከመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ጥቂት ቆጥቦ እንዲያስቀምጥም ይመከር።

ወደ ካናዳ በውስክ ፕሮግራም የሚሄዱትም ከዚህ አያመልጡም። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን ሲቀበል የኖረ ነው። ወጪው በአብዛኛው የካናዳ ተማሪዎች ራሳቸው ከሚያዋጡት ገንዘብ የሚሸፈን ሲሆን፣ ድጋፉ በተለይ ለመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ እየሠራ ይማራል። ካናዳ ገባ ማለት ሀብታም ሆነ ማለት እንዳልሆነ ዘመድ ሁሉ ይረዳ። በመጀመሪያው ክረምት ለስልክ ካርድና ለወፍራም ጫማ የሚጨነቅ ልጅ ነው።

የውጤት ወረቀት ሲመጣ

ይህን የማያውቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። በኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች በተለመደው አሠራር ከ70 በላይ ያመጣ ተማሪ ኤ ነው። ከ60 እስከ 69 ቢ፣ ከ50 እስከ 59 ሲ፣ ከ40 እስከ 49 ደግሞ ማለፊያ ነው። በትምህርት ቤት 85 እና 90 ሲያመጣ የኖረ ልጅ 61 ይዞ ቢመጣ ሰነፈ ማለት አይደለም፤ ደህና ውጤት ነው። አንድ አባት የልጃቸውን ወረቀት ይዘው እየተቆጡ ወደ እኛ መጡ። አንዱ ትምህርት 64፣ ሌላው 58፣ ሌላው 71 ይላል። ነገሩን ስናስረዳቸው ወረቀቱን ዳግመኛ አይተው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በኋላ ለስንት ሰው እንዳሳዩት እነሱ ያውቃሉ።

ከ40 በታች ከሆነ ግን ነገሩን ማቅለል አይገባም። ብዙውን ጊዜ ድጋሚ ፈተና ይሰጣል፤ ልጁም ቀኑን ጠይቆ ማወቅ አለበት። የትምህርት ዕድሉ እንዲቀጥል ውጤቱ ደህና መሆን ስለሚኖርበት፣ ውድቀትን ደብቆ መቆየት የባሰ ያመጣል። ልጁ እንዳይደብቅ የሚያደርገው ደግሞ የወላጅ አቀባበል ነው። የሚቆጣ አባት ዘግይቶ ይሰማል።

ስልክ ስንደውል

በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በየሴሚስተሩ የሚሰጡት ካት የሚባሉ ፈተናዎች ከመቶ 30 ያህል ሲይዙ፣ የመጨረሻው ፈተና 70 ያህል ይይዛል። እንግዲህ የሦስት ወር ድካም የሚመዘነው በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው ማለት ነው። የፈተናውን ሳምንታት ከልጁ ጠይቃችሁ በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉ። በነዚያ ቀናት ሊዘገይ የሚችል ክፉ ወሬ ይዘግይ። የሞት መርዶ ሲሆን ባህላችን የራሱ ሥርዓት አለው፤ በስልክ አይረዳም፣ ሰው ይላካል። የፍየል መጥፋትና የጎረቤት ጠብ ግን ለምን ኤልዶሬት ድረስ ይሄዳል?

በዓልም እንዲሁ ነው። ፋሲካ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ሴሚስተር ፈተና ጋር ይገናኛል። "ለበዓል ሳትመጣ?" የሚል አንድ ቃል ልጁን ለሳምንት ያስጨንቀዋል። ረመዳንና ዒድም እንደ ዓመቱ በፈተና ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ድፎውን ለሌላ ቀን መድፋት ይቻላል።

ስንደውል ምን እንጠይቅ? "ትምህርት እንዴት ነው?" ሲባል መልሱ ሁልጊዜ "ደህና ነው" ነው። "ዛሬ ምን በላህ? ከማን ጋር ታጠናለህ? የት ተኛህ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እነዚህን የማይመልስ ልጅ፣ ወይም ለሁለት ሳምንት ስልክ የማያነሣ፣ ወይም ድምፁ የተለወጠ ልጅ ችግር ላይ ሊሆን ይችላል። በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ዲን ቢሮ አለ፤ ልጁ ወደዚያ እንዲሄድ ማበረታታት ነውር አይደለም። አብሮት የሚማር አንድ ጓደኛ ስልክ ቁጥርም ቤት ውስጥ ይኑር።

የምዝገባና የኬዝ ጉዳይ

በካምፑ የቤተሰብ ቆጠራ ወይም የመረጃ ማጣራት ሲታወጅ ተማሪው በሌለበት ቤተሰቡ ዝም ብሎ እንዳይቀር። ልጁ የት እንደሚማር የሚያሳየውን ደብዳቤ ኮፒ ይዛችሁ ምዝገባ ቢሮ ቀርባችሁ አሳውቁ፤ ምን ማድረግ እንደሚገባውም እዚያው ጠይቁ። የመልሶ ማስፈር ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ቢመጣም እንዲሁ ነው፤ ቀኑ ከፈተና ጋር ከተጋጨ ሳይውል ሳያድር ለቢሮው ይነገር። በጎረቤት ምክር ብቻ መወሰን ብዙ ሰው ጎድቷል።

ስለ ሴት ልጆቻችን

ሴት ልጅ ርቃ ስትሄድ የወላጅ ስጋት እንደሚበዛ እናውቃለን፤ ስጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም። አስተማማኝ ማደሪያ ማግኘቷን፣ ከማን ጋር እንደምትኖር ማወቅ የወላጅ መብት ነው። የማንስማማው በሌላ ነገር ነው። እናት ስትወልድ፣ ሕፃን ሲታመም፣ አያት ሲደክሙ ከዩኒቨርሲቲ የምትጠራው ልጅቱ ናት። ወንድሟ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ምክንያት ሲጠራ አላየንም። አንዲት ጎበዝ ተማሪያችን በሁለተኛው ሴሚስተር ሁለት ጊዜ ተጠርታ መጣች፤ በሁለተኛው ጊዜ ፈተናው አመለጣት። እኛ የምንለው፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ካምፕ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይቆጠር፤ ወንዶቹም ጭምር። የግድ መምጣት ካለባት ደግሞ ከመነሣቷ በፊት ከዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ፈቃድ ትውሰድ። በፈቃድ የቀረ ተማሪ በሌላ ጊዜ መፈተን ይችል ይሆናል፤ ያለ ፈቃድ የቀረ ግን እንደ ወደቀ ሊቆጠር ይችላል። የጋብቻ ጥያቄ ይዞ የመጣ ቤተሰብም ቢሆን ምርቃቷን መጠበቅ አያቅተውም። ካቃተው ምን ዓይነት አማች እንደሚሆን ከወዲሁ ታውቋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ሲመለሱ ልጆቹ የተለወጡ ይመስላሉ። አንዱ ብዙ ይተኛል፤ ሌላዋ ቤቱ ጠበባት ይባላል። ጥቂት ቀን ይተዉ። ከዚያ በኋላ ውኃ መቅዳትም፣ ሰልፍ መቆምም እንደ ማንኛውም የቤቱ ልጅ ይድረሳቸው፤ ሲሠሩ ነው የሚያወሩት።

ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ደብዳቤ ወይም የውጤት ወረቀት እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ወላጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ብትመጡ እናነብላችኋለን። ወረቀቱን ለሌላ ሰው አናሳይም። በዘንድሮው ፈተና የሚቀመጡ ልጆች ያሏችሁም ከአሁኑ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ስለ ወረቀቶቹ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።