ዋሽንት ውስጥ የሚቀረው ድምፅ

አንድ ዋሽንት እንውሰድ፦ ውስጡ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ሸንበቆ። ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍነን ስንነፋው አየሩ በሰከንድ 440 ጊዜ አካባቢ ወዲያና ወዲህ ይላል። ታዲያ የሚርገበገበው አየር ጉልበት የት ይገባል? ሁሉም ወደ አድማጭ ጆሮ የሚሄድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው።

ግድግዳውን የነካው አየር ተጣብቆ ይቀራል፤ መሀል ያለው ይሮጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ስስ ንብርብር እርስ በርሱ እየተጓተተ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ይህ የዝልግልግነት ብክነት ነው። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፣ ሲላላ ይቀዘቅዛል። መሀል ላይ ያለው ሙቀቱን የሚሰጥበት ጊዜ ስለሌለው ሲላላ የተጨመቀበትን ጉልበት መልሶ ይሰጣል። ግድግዳው አጠገብ ያለው ግን ሙቀቱን ለሸንበቆው ያበድራል፤ ብድሩም የሚመለሰው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ መዘግየት ምክንያት ግፊቱ ይጎድላል።

ሁለቱን አንድ ላይ ያሰላው ጀርመናዊው ኪርኾፍ ነው፣ በ1868 እ.ኤ.አ.። በአየር ውስጥ ከግድግዳው ብክነት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የዝልግልግነት፣ ቀሪው የሙቀት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ንብርብር ውስጥ ነው! እንዲያም ሆኖ በዚህ ዋሽንት ግድግዳው የሚበላው ጉልበት በጫፎቹ ወጥቶ ከሚሰማው ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ውስጡ ሸካራ ከሆነ ወይም አንጓው በደንብ ካልተጠረገ ደግሞ ይብሳል።

ለዚህ ነው ግድግዳውን ፍጹም ለስላሳና ሙቀት የማይወስድ አድርጎ የሚያሰላ ሲሙሌሽን የሚያሳስተው። የድምፁ ቃና ከሞላ ጎደል ትክክል ይወጣል፤ የሬዞናንሱ ከፍታ ግን ስምንት እጥፍ ገደማ ይጋነናል። ንብርብሩን በጥቃቅን መረብ ከፋፍሎ ማስላት ኮምፒውተሩን ያደክማል፤ ብክነቱን በቀመር ግድግዳው ላይ መጫን ለቀጥተኛ ቱቦ ይበቃል፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው።

አሁን ወደ ቦርከና ሸለቆ እንውረድ። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መዲና ከሚሴ ከባሕር ወለል 1,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየር ግፊቷም 15 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያ ስስ ንብርብር በ9 በመቶ ገደማ ይወፍራል፣ የግድግዳው ብክነትም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሶፍትዌሩ ካልነገሩት የባሕር ወለልን አየር ይወስዳል። ስለዚህ የከሚሴን ዋሽንት የምታሰሉ ተማሪዎች፣ ከሸንበቆው ልክ በፊት የአገሩን ግፊትና ሙቀት አስገቡ።