በቢስክሌት ላይ ጭነት ስለ መጫን የተሰጠ ትምህርት

ቢስክሌት ገፈራ የማይሻ፥ በቀጭን መንገድም የሚያልፍ የጭነት አጋዥ ነው። ባሕር ዳርን በመሰለ ሜዳማ ስፍራ ያለ ሕዝብ ጥቅሙን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ነገር ግን አጫጫኑን ሳያውቁ የጫኑበት እንደ ሆነ፥ ለገበያ የታሰበውን እህል ከማፍሰሱም በላይ ነጂውን ለሞት ያደርሳል። ስለዚህ አገር የሚያስተዳድር ሹምና ባለ እርሻ ሁሉ፥ የጭነቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የተጫነበትን ስፍራ መርምሮ ለሕዝቡ ያስረዳ ዘንድ ይገባዋል።

1ኛ፤ በጀርባ ስለ መሸከም። ጭነቱን በጀርባው አዝሎ የሚነዳ ሰው ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚሆንበት፥ በመታጠፊያ ላይ በቶሎ ይወድቃል፤ ወገቡም ይደክማል። በዚህ ዓይነት ከቀላል ዕቃ በቀር ሌላ መያዝ አይገባም።

2ኛ፤ ከፊት ስለ መጫን። በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት እየተወዛወዘ መሪውን ያስታል፤ በጎማው ሽቦዎች መካከል የገባም እንደ ሆነ ጎማውን በድንገት አቁሞ ነጂውን በፊቱ ይደፋዋል። በጽኑ የታሰረ ቅርጫት ግን ጥቂት ዕቃ ቢያዝበት አይጎዳም። በዴንማርክ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት የወጣው ሎንግ ጆን የተባለው ቢስክሌት፥ በመሪውና በፊተኛው ጎማ መካከል ለመሬት የቀረበ የጭነት ስፍራ አለው። ጭነቱ ዝቅ ስለሚል ከባድ ዕቃ ሲይዝ እንኳ በቀላሉ አይገለበጥም።

3ኛ፤ ከኋላ ስለ መጫን። በኋለኛው ጎማ በላይ ያለው ብረት የሚችለው እንደ አሠራሩ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የተቋቋመው ወርልድ ባይስክል ሪሊፍ የተባለው የርዳታ ድርጅት ለገጠር ሰዎች ያሠራው ቡፋሎ የተባለ ቢስክሌት፥ የኋላው ብረት 100 ኪሎ እንዲሸከም ሆኖ የተሠራ ነው። በተራው ቢስክሌት ላይ ይህን ያህል መጫን አይገባም። ደግሞም ጭነቱ ከጎማው እምብርት አልፎ ወደ ኋላ የተረፈ እንደ ሆነ፥ የፊተኛው ጎማ ይቀልና መሪው አይታዘዝም።

4ኛ፤ በሁለት ጎን ስለ መጫን። ለተራ ቢስክሌት የሚሻለው ይህ ነው። አህያ የሚጭን ሰው የግራውን ከቀኙ እንደሚያመዛዝን፥ ጭነቱን እኩል ከፍሎ ከኋለኛው ጎማ ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጎ ማሰር ነው። የተረፈው የገመድ ጫፍ ወደ ጎማው እንዳይገባ መጠምጠም አለበት።

5ኛ፤ በተጎታች ጋሪ። ጋሪ ክብደቱን በራሱ ጎማዎች ስለሚሸከም ለብዙ እህል ይመቻል። ነገር ግን ሰፊና የተደለደለ መንገድ ይፈልጋል፤ በቁልቁለትም ቢስክሌቱን ከኋላ ይገፋዋል።

6ኛ፤ እየገፉ ስለ መሄድ። በቬትናም አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 በዲየን ቢየን ፉ ጦርነት ጊዜ፥ ስንቅ አቀባዮቹ መሪውን በቀርከሃ አስረዝመው፥ ሌላም ቀርከሃ በኮርቻው በኩል አቁመው፥ በአንድ ቢስክሌት ከ200 ኪሎ የሚበልጥ ጭነት በእግራቸው እየገፉ አደረሱ። ከዚህም የምንማረው፥ ጭነት ከበዛ ወርዶ መግፋት ብልሃት እንጂ ውርደት አለመሆኑን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ቁልቁለትን መፍራት ይገባል። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ እንደ ሆነ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ በ5 ሜትር ቢቆም፥ በ30 የሚሄድ 20 ሜትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጭነት የያዘ ሰው ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ሳለ ወርዶ፥ ፍሬኑን ይዞ በእግሩ ይሂድ።

እንግዲህ የወረዳ ሹም ገበያተኛውን ከመቅጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይመልከት፤ ፍሬኑ ይይዛልን? ጭነቱ ተመዛዝኗልን? የተሰበረው የእግር መንገድስ ተጠግኗልን? የመጨረሻው የሹሙ የራሱ ሥራ ነውና፥ ያለ እርሱ የፊተኞቹ ሁለቱ ብቻቸውን ገበሬውን ከአደጋ አያድኑትም።