በጀርባ የሚታዘል መርጫ አንዱን ወገን አርጥቦ ሌላውን ሲዘል

በይፋግና በወረታ ዙሪያ ያላችሁ ገበሬዎች ሆይ! ሩዙ ከታጨደ በኋላ ከርብና ከጉማራ በሞተር ውኃ እየሳባችሁ ሽንኩርት የምታለሙ ሁሉ፣ መርጫ በጀርባችሁ ሳታዝሉ የምታሳልፉት ሳምንት ጥቂት ነው። ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ተባይ በሽንኩርቱ ቅጠል ብብት ገብቶ ስለሚደበቅ፣ መድኃኒቱ እንደ ጉም ሆኖ እኩል ካልወረደ አያገኘውም። እንግዲህ የመርጫው አፍ፣ ማለት ገበያ ላይ ኖዝል የሚባለው፣ በአንድ ወገን እያንጠባጠበ በሌላው ወገን ሲሳሳ፣ ከፊሉ መደብ መድኃኒት በዝቶበት ይጎዳል፤ ከፊሉም ተባዩን እንደ ተሸከመ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ባየ ጊዜ መድኃኒቱ የማይረባ ነው ብሎ በሚቀጥለው ርጭት መጠኑን ይጨምራል። በዚህ ገንዘቡ ይባክናል፤ በአፉ ላይ ያለው ጉድለት ግን እንዳለ ይኖራል።

ስለዚህ መድኃኒቱን ከመውቀሳችሁ በፊት መርጫውን ፈትኑ። ንጹሕ ውኃ ብቻ ጨምራችሁ፣ በደረቅ ጠንካራ መሬት ላይ ክንዳችሁን ሳታወዛውዙ እየተራመዳችሁ እርጩ። ከዚያም ቆማችሁ ሲደርቅ ተመልከቱ። ሁሉም አብሮ ከደረቀ አፉ ደኅና ነው። አንዱ ወገን ከሌላው ዘግይቶ የሚደርቅ ከሆነ ግን በዚያ ወገን ብዙ ይፈስሳል ማለት ነው።

ለማጽዳት ስትነሡ ጓንት አድርጉ፤ በውስጡ የታመቀውንም ግፊት አስቀድማችሁ አስወጡ፤ አለዚያ ሲፈታ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። የአፉን ክዳን ፈትታችሁ ትንሿን ወንፊት፣ ውኃውን የሚያሽከረክረውን ቁራጭ፣ ቀዳዳ ያለበትን ክብ ሳህንና ጎሚኒውን በወጡበት ተራ በጨርቅ ላይ ደርድሩ። ተገልብጦ የተገጠመ ቁራጭ ራሱ ርጭቱን ያዛባልና ተራውን አትርሱ። ሳሙና ባለው ውኃ ዘፍዝፋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። ያ ብሩሽ ዳግመኛ ወደ ቤት እንዳይገባ እጀታውን ስበሩት፤ ልጆች አያውቁምና። ቀዳዳው አሁንም አልከፈት ካለ ለስላሳ የሣር አገዳ ይበቃዋል።

ሽቦ፣ መርፌ ወይም ሚስማር ግን አታስነኩት። ያ ትንሽ ቀዳዳ ተለክቶ የተሠራ ስለ ሆነ ጠርዙ አንድ ጊዜ ከተፋቀ ከእንግዲህ እኩል አይረጭም። ከዚህም የከፋው በአፍ መንፋት ነው። በየማሳው ይታያል፤ ሰውዬው ቸኩሏል፣ ፀሐዩም በርትቷል፣ የተደፈነውን አፍ ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ እፍ ይላል። በዚያች ቅጽበት ለተባይ የተበጠበጠው መርዝ በከንፈሩና በምላሱ ይገባል። ይህን ለማስቀረት ከሁሉ የሚቀለው፣ አንድ ትርፍ አፍ በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ማሳ ይዞ መሄድ ነው፤ የተደፈነው ማታ ተረጋግቶ ይጸዳል።

አጽድታችሁም የማይስተካከል ከሆነ አርጅቷል። ይህን ለማወቅ አዲሱንና አሮጌውን አፍ በየተራ ገጥማችሁ፣ በእኩል ግፊት ለ1 ደቂቃ ወደ ባልዲ ውስጥ ርጩና ስፈሩ። ለምሳሌ አዲሱ 600 ሚሊ ሊትር ቢያወጣና አሮጌው 660 ወይም ከዚያ በላይ ቢያወጣ፣ ማለት ከመቶ 10 እጅ ቢበልጥ፣ ጥገና አያድነውም። ስትገዙም አሮጌውን ለባለ ሱቁ አሳዩ፤ ለተባይ የሚሆነው አፍ ክብ ጉም የሚሠራው ሲሆን ለአረም የሚሆነው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው ነው።

የመደፈኑ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ነው። የርብ ውኃ ደለል ይጭናል። በጀሪካን ቀድታችሁ ሌሊቱን አሳድሩትና ከላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ፣ በእጥፍ አሮጌ ነጠላ እያጠለላችሁ ወደ መርጫው ጨምሩ። ድፍርስ ውኃ ቀዳዳ ከመድፈኑ በላይ ግላይፎሴትን የመሰለውን የአረም መድኃኒት ጭቃው ይዞ ኃይሉን ያሳጣዋል። እንደ ማንኮዜብ ያለ ዱቄት መድኃኒትም በቀጥታ አይጨመርም፤ በትንሽ ባልዲ በጥብጣችሁ አጥልሉት። በመርጫው አናት ላይ ያለውን ወንፊት፣ መሙላት ያዘገየናል ብላችሁ አውጥታችሁ እንደ ሆነ መልሱት።

ርጭቱ ባለቀ ቁጥር መርጫውን 3 ጊዜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፤ በየጊዜውም ትንሽ ውኃ በአፉ በኩል እንዲወጣ አድርጉ። እጣቢውን እዚያው በተረጨው ሰብል ላይ እርጩት። ወደ ቦይ የተደፋው ወደ ርብ፣ ከርብም ወደ ጣና ይወርዳል፤ በመንገዱም ከብቱ ይጠጣዋል። ቱፎርዲ ለሩዝ አረም የተረጨበትን መርጫ ግን እጥበቱን አምናችሁ ለጓያ፣ ለሽምብራ ወይም ለቲማቲም አታውሉት፤ በጋኑና በቱቦው ውስጥ የቀረችው ጥቂት እነዚህን ሰብሎች ለመጠምዘዝ ትበቃለች። ሁለት መርጫ መግዛት ለአንድ ቤት የሚከብድ ቢሆን፣ ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ አንዱን ለአረም፣ አንዱን ለተባይ ለይታችሁ በቀለም ምልክት አድርጉባቸው።