የዕጣን ዛፍ አደማምና አያያዝ

ለቆላ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

ዕጣን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በቤተ ክርስቲያን ይታጠናል፤ በየቤቱ ቡና ሲፈላ ይጤሳል፤ ወደ ውጭ አገርም ተሸጦ ገንዘብ ያስገኛል። ነገር ግን ዕጣኑን የምናውቀውን ያህል ዛፉን አናውቀውም። ዕጣን ማለት ዛፉ በቆሰለ ጊዜ ቁስሉን ለመድፈን የሚያፈሰው ሙጫ ነው። እንግዲህ ዕጣን የሚያመርት ገበሬ ሁሉ ዛፉን እያቆሰለ የሚጠቀም ነው። አቋሳሰሉን ያወቀ ገበሬ ከአንድ ዛፍ ለብዙ ዘመን ይለቅማል፤ ያላወቀ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ዛፉን ያደርቀዋል።

ይህ ትምህርት በመተማ፣ በቋራ፣ በአበርገሌና እነዚህን በመሳሰሉት የቆላ አገሮች ለምትኖሩ፣ ዕጣን በማኅበር ሆናችሁ ለምታስደሙ ወይም በእጃችሁ ለምታደሙ ገበሬዎች የተጻፈ ነው። ነገሩ የሚያስቸኩል መሆኑን አስቀድማችሁ ዕወቁ። በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፣ ከተመረመሩት የዕጣን ደኖች መካከል ከ100 ከ75 በሚበልጡት ውስጥ ትናንሽ ዛፎች እንደሌሉ፣ በእነዚህም ደኖች ለአሥርተ ዓመታት አዲስ ዛፍ እንዳልተተካ አሳይቷል። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ገምቷል። አሁን የምታደሟቸው ዛፎች ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከኋላቸው ወጣት የለም ማለት ነው። ስለዚህ አደማሙን ማስተካከልና ችግኝ ማሳደግ የሁላችንም ሥራ ነው።

የዛፉ ጠባይ

የዕጣን ዛፍ የሚበቅለው ድንጋያማና ተዳፋት በሆነ፣ አፈሩም ስስ በሆነ መሬት ላይ ነው። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይወልቃል። ክረምት ሲገባ ቅጠል ያወጣል፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ቅጠሉ ይረግፋል፤ በጋውንም ራቁቱን ቆሞ ያሳልፋል።

ዛፍ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ይህ ዛፍ ግን ቅጠል የሚኖረው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለ ሆነ፣ የዓመት ቀለቡን በእነዚያ ወራት ሠርቶ የተረፈውን በግንዱና በሥሩ ያጠራቅማል። እናንተ በመኸር ያገባችሁትን እህል በጎተራ አስቀምጣችሁ እስከሚቀጥለው መኸር እንደምትበሉት ሁሉ፣ ዛፉም በጋውን የሚኖረው ከጎተራው እያወጣ ነው።

በበጋ ከዚህ ጎተራ ሦስት ወጪ ይወጣል። አንደኛው አበባና ፍሬ ነው፤ ዛፉ የሚያብበው ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ነውና። ሁለተኛው ዕጣን ነው። ሦስተኛው ዝናብ ሲጥል የሚያወጣው አዲስ ቅጠል ነው። ገበሬ ያለ ልክ ካደማ ለሁለቱ የሚሆነውን ቀለብ ዕጣኑ ይወስደዋል። ቅጠሉ ያነሰበት ዛፍ በክረምት የሚያጠራቅመው ያንሳል፤ በሚቀጥለው በጋም የሚሰጠው ዕጣን ይቀንሳል። ጉዳቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተደመረ ይሄዳል።

ዘሩም ይጎዳል። በኤርትራ ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የታተመ ጥናት፣ ካልደሙ ዛፎች ከተለቀመው ዘር ከ100 ከ80 በላይ የሚሆነው ሲበቅል፣ ያለ ዕረፍት ከደሙት ዛፎች የተለቀመው ግን 16 ያህሉ ብቻ እንደ በቀለ አሳይቷል። ላም የሚያልብ ሰው አራቱንም ጡት አያደርቅም፤ ለጥጃዋ ይተዋል። ለዕጣኑም ዛፍ እንዲሁ ማድረግ ይገባል።

የሚደማውን ዛፍ መምረጥ

ዛፍ ሁሉ አይደማም። ለመምረጥ አንድ ጠንካራ ገመድ ብቻ ይበቃል። ገመዱን ከጫፉ ጀምራችሁ በሜትር እየለካችሁ በ31፣ በ47 እና በ63 ሳንቲ ሜትር ላይ ቋጠሮ አድርጉ። ከዚያም ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ይኸውም በደረት ትክክል፣ ግንዱን በገመዱ ዙሩት።

1ኛ/ ዙሪያው የመጀመሪያውን ቋጠሮ ካልሞላ፣ የግንዱ ውፍረት 10 ሳንቲ ሜትር አልደረሰም ማለት ነውና ፈጽሞ አታድሙት፤

2ኛ/ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቋጠሮ መካከል ከሆነ ከ6 ቦታ አታሳልፉ፤

3ኛ/ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ከሆነ ከ8 ቦታ አታሳልፉ፤

4ኛ/ ከሦስተኛው ቋጠሮ ካለፈ ትልቅ ዛፍ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከ12 ቦታ በላይ አይቁሰል።

ትል የበሳውን፣ ግንዱ የበሰበሰውን፣ ያለፈው ዓመት ቁስሉ ያልዳነለትን ዛፍ እለፉት። ከዚህም ሌላ ከ10 ዛፍ መካከል ጤነኛና ፍሬ የሚያበዛ አንዱን መርጣችሁ ምልክት አድርጉበት፤ እርሱ የዘር እናት ነውና አይንኩት።

ስለ አደማሙ

ዛፉ የሚደማው ዝናቡ ፈጽሞ ካቆመና ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ነው። ሥራው ብዙውን ጊዜ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ተጀምሮ በግንቦት ያበቃል። ዝናብ ዕጣኑን ያበላሻልና ክረምቱ ሲቃረብ ሥራውን ማቆም ያስፈልጋል።

የመድሚያው ብረት የተሳለና ንጹሕ ይሁን። የደነዘ ብረት ቅርፊቱን ይቀጠቅጠዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የተቀጠቀጠ ቁስልም ቶሎ አይድንም። የመጀመሪያውን ቁስል ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሁን፤ ጥልቀቱ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር አይለፍ። በመጀመሪያው ቀን የሚፈለገው የላይኛውን ቅርፊት መላጥ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የሚለቀም ዕጣን አይገኝምና፣ «አልወጣም» ብላችሁ ጠልቃችሁ አትቁረጡ።

ሙጫው የሚተላለፍባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ያሉት በልጡ ውስጥ ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ ዕጣን የለም። በልጡና በእንጨቱ መካከል ዛፉ አዲስ ልጥና አዲስ እንጨት የሚሠራበት ቀጭን ርጥብ ሽፋን አለ። ብረቱ ይህን ሽፋን ከቆረጠ ቁስሉ ለመዳን ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ እንጨት የሚበሳ ትልና ብስባሽም በዚያ በኩል ይገባል። ስለዚህ ከቁስሉ ሥር ነጩ እንጨት ከታየ አዳሚው ልኩን አልፏል ማለት ነው።

በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ተመልሳችሁ የደረቀውን ዕጣን ልቀሙ፤ ከዚያም ያንኑ ቁስል ጥቂት አድሱት። የሚታደስበት ምክንያት ሙጫው ራሱ ቧንቧዎቹን ስለሚደፍናቸው ነው። ቁስሉ በየጊዜው እየሰፋ ይሄዳልና፣ በየጊዜው የምትጨምሩት ስስ ልጥ ብቻ ይሁን። በአንድ በጋ ከ8 ጊዜ በላይ እንዳታድሱ እንመክራለን።

ቁስሎቹን በግንዱ ትይዩ ጎኖች ላይ ከታች ወደ ላይ አራርቁ፤ በመካከላቸውም ያልተነካ ልጥ ይቅር። በቅጠሉ የተሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ነውና፣ ቁስሎቹ ተገናኝተው ግንዱን እንደ ቀለበት ከዞሩት ሥሩ ምግብ አጥቶ ዛፉ ይሞታል።

ይህ ሕግ በእኛ አገር ዛፍ ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በካናዳና በአሜሪካ ሜፕል የሚባል ዛፍ አለ። የዚያ አገር ገበሬዎች ብርዱ ሊያበቃ ሲል ግንዱን በትንሹ ይበሱና የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ ያጠራቅማሉ፤ 40 ሊትር ያህሉን አፍልተው 1 ሊትር ጣፋጭ ሽሮፕ ያወጣሉ። እነርሱም ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያልሞላውን ዛፍ እንዳይበሱ፣ ካለፈው ዓመት ቀዳዳ አጠገብም እንዳይደግሙ ይመከራሉ። በዚህ አያያዝ አያት የበሳውን ዛፍ የልጅ ልጅ ይበሳዋል።

ስለ ለቀማና ስለ አቀማመጥ

የደረቀውን ዕጣን በንጹሕ ዘንቢል ልቀሙ፤ ቅርፊት፣ አሸዋና ቅጠል አትቀላቅሉበት። መሬት የወደቀውን ለብቻው ያዙት። ወደ ቤት ስታመጡት በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በስሱ አስጡትና በደንብ ይድረቅ። ሳይደርቅ በላስቲክ የታሰረ ወይም ፀሐይ የመታው ዕጣን ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ መለየት አይቻልም።

ገዢ ዕጣንን የሚያየው በመጠኑ፣ በቀለሙና በንጽሕናው ነው። ትልልቁና ነጩ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣል፤ የጠቆረው፣ ደቃቁና ቅርፊት ያለበት ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ሴቶች ናቸውና፣ ማኅበሩ ለዚህ ጥሩ ወንፊትና ጥላ ያለው ቦታ ያዘጋጅላቸው። በጥንቃቄ ተለቅሞና ተለይቶ የቀረበ ጥቂት ዕጣን እንደ ነገሩ ከተሰበሰበ ብዙ ዕጣን የተሻለ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

ስለ ዕረፍት

ደናችሁን በአራት ክፍል ክፈሉት። በየዓመቱ ሦስቱን አድሙ፤ አንዱን አሳርፉ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ይረፍ። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ዛፍ ሦስት ዓመት ሠርቶ አንድ ዓመት ያርፋል። በጣም የተጎዳ ክፍል ካለ ቁስሉ እስኪድን ከዚያም በላይ ይረፍ።

«ሩቡን ካሳረፍን ዘንድሮ ምን እንበላለን?» የሚል ገበሬ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው እውነት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ገቢ ይቀንሳል። ጉድለቱን ለማቃለል ዕጣኑን በንጽሕና ለቅሞና ለይቶ በተሻለ ዋጋ መሸጥ አንድ መንገድ ነው። ነገር ግን ይህንንም አስቡ፤ ያረፈ ዛፍ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ የደረቀ ዛፍ ግን አይመለስም፤ በምትኩ ዛሬ የተተከለው እስኪደርስም ብዙ ዓመት ይፈጃል።

አዳሚ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ደግሞ በውላችሁ ላይ አስቡበት። በኪሎ ብቻ የሚከፈለው ሠራተኛ በጋው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ቁስሉ ግን ከእናንተ ጋር ይቀራል። የሚደሙት ቦታዎች ብዛትና የሚታደሱበት ጊዜ በውሉ ይጻፍ፤ የማኅበሩ ተቆጣጣሪም በየወሩ እየዞረ ይቁጠር።

ስለ ችግኝ

የዕጣን ችግኝ ክረምት በቅሎ በበጋ እስከ መሬት ድረስ ይደርቃል። ብዙ ሰው «ሞተ» ብሎ ይተወዋል። አልሞተም፤ ሥሩ ከመሬት በታች ሕያው ነው፤ ዝናብ ሲጥል እንደገና ያቈጠቁጣል። ይህን ለዓመታት እየደጋገመ ሥሩን ያጠነክርና አንድ ዓመት ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ መካከል ፍየል ከበላው ወይም የሣር እሳት ካገኘው ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ያረፈውን ክፍል ከከብት ከልሉት፤ ሣሩን አጭዳችሁ ለከብቶቻችሁ ስጡ፤ ሣሩ ሳይደርቅም የእሳት መከላከያ መንገድ ጥረጉ። ችግኙን ባገኛችሁበት ቦታ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሩለት፤ በበጋ ቢደርቅም ቦታው ይታወቃል።

በጓሮና በአጥር ዳር ለመትከል ቁራጭ ቅርንጫፍም ያገለግላል። ዛፉ ቅጠል ሳያወጣ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ የክንድ ያህል ውፍረትና ከ1 ሜትር የማያንስ ርዝመት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ ቁረጡ። ውሃ በማይቋጥር ድንጋያማ መሬት ትከሉት፤ ውሃ ከበዛበት ይበሰብሳል። ሁሉም አይጸድቅምና ጨምራችሁ ትከሉ።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በአዳራሽ ሳይሆን በዛፉ ሥር ሆናችሁ አስተምሩ። ገመዱን ቋጥራችሁ ለገበሬው ስጡ፤ ራሱ ይለካ። አንድ በልክ የደማና አንድ ያለ ልክ የደማ ዛፍ ጎን ለጎን አሳዩት፤ ክረምት ሲገባም የሁለቱን ቅጠል አብሯችሁ ይመልከት። በየዓመቱ ሦስት ነገር ቆጥራችሁ በመዝገብ ጻፉ፤ የደሙትን ዛፎች፣ የደረቁትን ዛፎችና በሕይወት ያሉትን ችግኞች። የደረቁት ከችግኞቹ ከበለጡ ማኅበሩን ሰብስባችሁ ቁጥሩን ንገሩት።

ገበሬዎች ሆይ፣ በመጪው ጥቅምት ብረቱን ከማንሣታችሁ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ። ገመዱን ቋጥሬአለሁን? የዘር እናቶችን ለይቻለሁን? ዘንድሮ የትኛውን ክፍል አሳርፋለሁ? ልጄ የሚያደማው ዛፍ የት በቅሏል? ለአራተኛው ጥያቄ በጣታችሁ ጠቁማችሁ የምታሳዩት ችግኝ ከሌለ፣ የዘንድሮ ሥራችሁ ከእርሱ ይጀምር።