የለውዝ ማጥቀሻ፤ አመራረጡ፣ አሠራሩና አያያዙ



በቆቦ፣ በሮቢትና በጎብዬ ሜዳ የቤቱ እንጀራ በአብዛኛው ከማሽላ ነው። ደጋሊትም ይሁን ጅጉርቲ፣ ማሽላ ኃይል ይሰጣል፤ ሆድም ይይዛል። ይሁን እንጂ እንጀራ ብቻውን አይበላምና ማጥቀሻ ይፈልጋል። ወጥ ለመሥራት ደግሞ ሽንኩርቱም፣ ዘይቱም፣ ማገዶውም በየቀኑ አይሟላም። በአጨዳና በውቂያ ወራት እናት ከእርሻ ደክማ ስትገባ ልጆቹ «ራበን» እያሉ ደጃፍ ላይ ይጠብቋታል። እንዲህ ባለው ቀን በብዙ ቤት የሚቀርበው በውሃ የተበጠበጠ በርበሬ ነው። በርበሬ አፍ ያቃጥላል እንጂ ለሕፃን ሰውነት የሚጨምርለት ነገር እምብዛም ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ለውዝ ማጥቀሻ ነው። ለውዝ ያልነው አንዳንዱ ሰው ኦቾሎኒ የሚለውን ነው። ከመቶ እጅ 25 ያህሉ ሰውነትን የሚገነባ ፕሮቲን ሲሆን፣ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ደግሞ ቅባት ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለ ሆነ ብዙ እንጀራ አይችልም፤ በጥቂት ጉርሻ ብዙ ኃይል የሚያገኘው ቅባት ሲኖርበት ነው። በጾም ቀን ቅቤና ወተት ለማይቀመስበት ቤትም ቢሆን ለውዝ ይስማማል። ሽሮን ግን ይተካል ማለታችን አይደለም፤ ማሽላ የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት ከለውዝ ይልቅ ባቄላና ሽንብራ አሟልተው ይሰጡታልና፣ ሽሮው በሌላው ቀን ይቀጥል።

የማጥቀሻው አሠራር ቀላል ነው፤ እሳት ከነደደ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅ። ከባዱ ለውዙን መምረጥ ነው።

ስለ ሻጋታው

ለውዝ በአገራችን በብዛት የሚበቅለው በምሥራቅ ሐረርጌ በባቢሌ አካባቢና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ቆቦ እስኪደርስ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ በጆንያ ታስሮ በመጋዘን ይቆያል፤ ከመኪና ወደ መኪና ይገለበጣል። ፍሬው የሚያድገው አፈር ውስጥ ስለ ሆነ ሻጋታ ገና ከእርሻው ሊይዘው ይችላል። በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ደግሞ ሻጋታው በሙቀቱና በእርጥበቱ ይባዛል። ይህ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል።

መርዙ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ የዶሮ ዓይነቶች ካለቁ በኋላ ነው። ምክንያቱ ቢመረመር ከብራዚል የመጣ የለውዝ መኖ ሆኖ ተገኘ። ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር በጎረቤታችን በኬንያ የሆነውን ያስብ፤ በ1996 ዓ.ም. የሻገተ በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በእኛም አገር በምሥራቅ ኢትዮጵያ ለውዝ ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ይኸው መርዝ ተገኝቷል።

እንዲህ ድንገት የሚገድለው በብዛት ሲበላ ነው። ጥቂት በጥቂት ሲገባ ግን ማንም አያውቀውም፤ አያስመልስ፣ አያስቀምጥ፣ ሆድ አይቆርጥ። ዓመታት ቆይቶ ጉበትን ይጎዳል፤ የጉበት ካንሰርም ያመጣል፣ በተለይም ሄፓታይትስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ባለበት ሰው ላይ። የልጆችንም እድገት እንደሚገታ የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ።

«እናምሰዋለን፤ እሳት ሁሉን ያጠፋል» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። እሳት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ እውነት ነው። ይህን መርዝ ግን መቁላት ትንሽ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ማጠብም እንዲሁ። ያለን መፍትሔ አንድ ነው፤ መጥፎውን ፍሬ አንድ በአንድ እየለቀሙ ማውጣት። እንግዲህ ለውዙን በብርሃን ቦታ በሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ፣ የጨረጨሰውን፣ የጠቆረውን ወይም አረንጓዴ ቢጤ ያለበትን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ ያቆጠቆጠውን፣ የተሰበረውንም ለዩ። አንዱን ቀምሳችሁ ቢመርር ተፉት፤ ያንንም እፍኝ እንደገና መርምሩ። መጥፎው ብዙ ከሆነ ግን የቀረውም አይታመንምና ሁሉም ይቅር። ዓይን ያየውን ሁሉ ብናወጣም ዓይን የማያየው ሊቀር ይችላል፤ ቢሆንም በጥሩ የተለቀመና ያልተለቀመ ለውዝ ልዩነታቸው ብዙ ነው።

ገበያ ላይ ከተቻለ ከነቅርፊቱ ያለውን ግዙ። ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ፣ ስትነቀንቁት የሚንኳኳ ደረቅ ይሁን። ተፈጭቶ የሚሸጠው ይረክሳል፤ ነገር ግን ከተፈጨ በኋላ መልካሙና መጥፎው አይለይም። ነጋዴውን ሁሉ መጠርጠራችን አይደለም፤ ዓይናችን የማይፈርድበትን ነገር ለልጅ ባንሰጥ ይሻላል ብለን ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን እንዴት እንደ መታ ወላጆቻቸው ያወሩላቸው ሰዎች እህል መጣል እንደሚከብዳቸው እናውቃለን። በገንዘብ የተገዛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ የተለቀመው ብላሽ ለዶሮ ወይም ለላም ይሰጣል። ይህ አይሁን! ላም የበላችው መርዝ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሚመረት ወተት ውስጥ አግኝቶታል፤ ያመጣውም በአብዛኛው የኑግ ፋጉሎ እንደ ነበር ታይቷል። ከለውዙ የወጣ ብላሽ ዞሮ በወተት በኩል ለልጅ ከደረሰ መልቀሙ ምን ጠቀመ? ቅበሩት።

አሠራሩ

የተለቀመ ለውዝ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ለአምስት ሰው ይበቃል። ምጣዱን በለዘበ እሳት አግሉና እያማሰላችሁ ቁሉት። ሽታው ሲያውድና ቀዩ ገለፈት በጣት ሲታሽ ሲላቀቅ አውርዱት፤ ካረረ ማጥቀሻው ይመራል። ሲበርድ አሽታችሁ ገለፈቱን በሰፌድ አንፍሱት። ብዙዎቻችን ገለፈቱን በአፍ እፍ እንላለን፤ ከአፍ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ አይደለምና ይህን ልማድ ተዉት።

ከዚያ በፊት እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋ በአመድ፣ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ። ሙቀጫውና ዘነዘናው፣ ወይም ወፍጮውና መጁ፣ በፈላ ውሃ ታጥበው በፀሐይ ይድረቁ፤ ትናንት በርበሬ የተወቀጠበት ሙቀጫ ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፣ ስንጥቁ ውስጥ ግን ብዙ ነገር አለ። ለውዙን ከትንሽ ጨው ጋር ውቀጡት። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፤ ሳትሰለቹ ብትቀጥሉ ቅባቱ ይወጣና እንደ ሊጥ ይያያዛል።

አሁን ውሃው ነው። ይህ ማጥቀሻ ውሃ ከገባበት በኋላ ተመልሶ እሳት ላይ አይወጣም። በውሃው ውስጥ ያለ ማናቸውም ተሕዋስያን በቀጥታ ወደ ሆድ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው ከጉድጓድም ይምጣ ከቦኖ፣ ፈልቶ በክዳን የቀዘቀዘ ይሁን። ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ በማንኪያ ምቱት፤ መጀመሪያ ይጠጥራል፣ ኋላ ይላላል፣ እንደ እርጎ ሲወፍር ይበቃዋል። ታጥቦ የተላጠ አንድ ፍንጣሪ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣችሁ አግቡበት፤ የግማሽ ሎሚ ውሃ ጭመቁበት። በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ የሚጨመረው የልጆቹ ድርሻ ከወጣ በኋላ ነው። በማሽላ እንጀራ ሲጠቀስ ከሱፍ ፍትፍት ጋር የሚቀራረብ ጣዕም አለው፤ ለእኛ እንዲያውም ይበልጥብናል።

ጊዜ ለሚያጥራት እናት አንድ ብልኃት አለ። ለውዙን በእረፍት ቀን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ውሃ ሳይነካው በደረቅ የታጠበ ጠርሙስ ከድና ጥላ ባለው ቦታ ታስቀምጠው። ለአንድ ሳምንት አይጎዳም። የሚገባበት ማንኪያ ግን ደረቅ ይሁን። ከእርሻ ስትገባ የሚቀራት በፈላ ውሃ መበጥበጥ ብቻ ነው።

የተበጠበጠው ግን አያድርም። በራያ ቆላ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይሻላል። ከአንድ ሳህን ሁሉም እያጠቀሰ ስለሚበላ የእያንዳንዱ እጅ ሳህኑ ውስጥ ይመላለሳል፤ የተረፈው ለጠዋት ይሁን ማለት አይገባም። ለሚዘገይ ሰው ካሰባችሁ ሳይነካ በፊት ቀንሳችሁ ክደኑለት፤ ዝንብ እንዳያርፍበት።

ለሕፃናት

እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ደረቁን የለውዝ ልቁጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ገንፎው ወይም አጥሚቱ ላይ ጨምራችሁ አብራችሁ አፍሉት፤ ለሕፃን ያልፈላ ማጥቀሻ አትስጡ። መጀመሪያ በማንኪያ ጫፍ ብቻ አቅምሱና ጠብቁ። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ገላው ሽፍ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረው ለውዝ የማይስማማው ልጅ ነውና ሳትውሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ድፍን ለውዝ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ፤ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ያንቃል። ዘመድ ከገበያ ሲመለስ ከኪሱ አውጥቶ ለሕፃን ማስጨበጡ የደስ ደስ ቢኖረውም፣ «ጋሼ፣ እኔ ወቅጬ እሰጠዋለሁ» ብሎ መቀበል ነውር የለውም።

በጤና ጣቢያ በጣም ለከሳ ልጅ የሚሰጠው ፕላምፒናት ከለውዝ የተሠራ በመሆኑ፣ አንዳንድ እናቶች «ከቤታችን ማጥቀሻ ምን ለየው?» ይሉናል። ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪያንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ሲያዘጋጀው የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተመጥኖ ገብቶበታል። እርሱ ለታመመው ልጅ መድኃኒት ነው፤ ለወንድምና ለእኅት አይካፈልም፤ የቤት ማጥቀሻም አይተካውም። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ወይም እግሩ ካበጠ፣ ለውዝ እንወቅጥለት ሳትሉ በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩት። መለኪያው ባለ ቀለም ጥብጣብ በጤና ኬላው አለ፤ ልኬቱም ዋጋ አይከፈልበትም።