ጠላ፣ ቢራ፣ ጠጅና አረቄ በገላችን ላይ የሚያደርጉት

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ነው። ሰፈሩ በኋላ በመጠጥ ቤቶቹ ታወቀ፤ በ2017 ዓ.ም. ብዙው ክፍሉ ፈረሰ። ቤቱ ቢፈርስም ጠጪው አልፈረሰምና፣ በየጠረጴዛው ሲነገር የኖረውን ወሬ በትምህርት ሚዛን ላይ እናስቀምጠው።

«ጠላ የቤት መጠጥ ስለሆነ አይጎዳም፤ ጎጂው አረቄ ነው» ይባላል። እስቲ እናስላ። እንደ ጠማቂዋ እጅ ቢለያይም፣ ጠላ ከመቶ 3፣ ቢራ 5፣ ጠጅ 10፣ አረቄ 40 ያህል አልኮል አለው እንበል። አንድ ሊትር ጠላ 30 ሚሊ ሊትር አልኮል ያስገባል፤ ግማሽ ሊትር ቢራና ሩብ ሊትር ጠጅ እያንዳንዳቸው 25፤ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የአረቄ መለኪያ 20። ጌሾውና ማሩ ጣዕሙን ይለውጡታል እንጂ አልኮሉ ያው አንድ ነው። አረቄ የሚብሰው ጥቂቱ ብዙ ስለሚይዝና ቶሎ ስለሚጨለጥ ነው። ጉበት ከእነዚህ አንዱን ለማጣራት ሁለት ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ የጠዋት ቡና አያፋጥነውም።

ወደ ቆዳ እንምጣ። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ደሙ ወደ ላይ ሲወጣ ሰውየው «ሞቀኝ» ብሎ ኮቱን ያወልቃል። ሙቀቱ ግን ከውስጥ እየሸሸ ነው! የኅዳርን ሌሊት ብርድ በአረቄ እመክታለሁ ብሎ ደጅ የሚተኛ ሰው የሚበርደው ካልጠጣው ይልቅ ፈጥኖ ነው። አልኮል ደግሞ ኩላሊት ውሃን እንዲቆጥብ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚገታ ሽንት ይበዛል፤ የማግሥቱ ጥማትና ራስ ምታት በከፊል ከዚህ ይመጣል። ጠጅ ማር ስለሆነ ፊት ያወዛል የሚሉ አሉ፤ የማሩን ስኳር እርሾው አስቀድሞ እንደበላው ረስተዋል።

መጠጡ ለዓመታት ሲዘልቅ ጉበት ይጠባሰሳል። ያን ጊዜ መዳፍ ይቀላል፣ በደረት ላይ የሸረሪት እግር የመሰሉ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ሆድና እግር ያብጣሉ። በእኛ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱም ቢጫነቱም እምብዛም ስለማይጎላ፣ የዓይንን ነጭ መመልከት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ሜታኖል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገባው ለፋብሪካ የተሠራው ፈሳሽ በመጠጥ ላይ ሲጨመር ነው፤ በሽታም በጣዕምም አይለይም። ሰውነት ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፤ አሲዱም የዓይንን ነርቭ ይገድላል። ምልክቱ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ጓደኞቹ «ስካሩ ነው፣ ይተኛበት» ይላሉ። የጠጣ ሰው በማግሥቱ ዓይኑ ብዥ ካለበት፣ ሆዱን ከቆረጠውና ትንፋሹ ከፈጠነ አያስተኙት፤ ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ። ያልጠጣ ጓደኛ አብሮት ይሂድ፤ ምን፣ ስንትና በስንት ሰዓት እንደ ጠጣ ለሐኪሙ ይንገር፤ የተረፈ ካለም ጠርሙሱን ይዞ ይሂድ።