«አትክፈት» «ክፈት» ሆኖ እንዳይሰማ፦ የጆሮ ማዳመጫን ከእሳት አደጋ መኪና ሬዲዮ ጋር ስለማገናኘት

በሐዋሳ ከተማ፣ በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፣ አንድ የእሳት አደጋ መኪና ከሐይቁ ዳርቻ ቆሞ ውኃ እየሳበ ነው እንበል። ፓምፕ ውኃን ወደ ላይ የሚስበው በከባቢ አየር ግፊት እየታገዘ ስለሆነ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ በሆነችው ሐዋሳ በስሌት ደረጃ እንኳ ከ8.4 ሜትር ብዙም ከፍ ብሎ ሊስብ አይችልም፤ በተግባር ደግሞ ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ መኪናው ወደ ውኃው መጠጋት ግድ ይሆንበታል፤ ቱቦው ግን ወደ እሳቱ ይረዝማል። የፓምፑ ሠራተኛ ከሚያገሳው ሞተር አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ የቱቦውን አፍ የያዙት ባልደረቦቹ ከዓይኑ ይሰወራሉ። ሐይቅ በሌለበትም ችግሩ ያው ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ሸማ ተራ ከባድ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ እንደታየው፣ በተጨናነቀ የገበያ ሠፈር ውስጥ መኪና እሳቱ አጠገብ እንደልብ ሊደርስ አይችልም። «ግፊት ጨምር»፣ «ዝጋ»፣ «አትክፈት» የሚሉት ትእዛዞች የሚተላለፉት በሬዲዮ ነው።

ነገር ግን በፓምፑ አጠገብ ያለው ጩኸት ከ90 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል። ዴሲቤል የሎጋሪዝም መለኪያ በመሆኑ፣ ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል በእጥፍ ያድጋል። በሰፊው የሚታወቀው የጤና መመሪያ ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ይህ ጊዜ በግማሽ ይቀነሳል። ስለዚህ በ94 ዴሲቤል የሚፈቀደው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ሠራተኛው የሬዲዮውን ድምፅ ማጉያ ከዚህ ጩኸት በላይ ከፍ ቢያደርገው ጆሮውን ይጎዳል፤ ዝቅ ቢያደርገው ትእዛዙን አይሰማም። መፍትሔው ጆሮን የሚሸፍንና ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ፣ ማለትም ሄድሴት ነው። የመኪናው ባልደረቦች ሄድሴቶች በአንድ የኢንተርኮም ሳጥን ተያይዘው እርስ በርስ ያነጋግራሉ።

የሄድሴቱ ማይክሮፎን ራሱ ብልህ ነገር ነው። የውስጥ ሽፋኑ ከፊትም ከኋላም ለአየር ክፍት ነው። ከሩቅ የሚመጣው የሞተር ድምፅ ሁለቱንም ገጽ በተቀራራቢ ኃይል ስለሚገፋ ይጣፋል። ከከንፈር የሚወጣው ድምፅ ግን ፊቱን አብልጦ ይመታል። ማይክሮፎኑ ከከንፈር ጥቂት ጣቶች ብቻ ቢርቅ ይህ ጥቅም ወዲያው ይቀንሳል፤ አንገት ሥር ተንጠልጥሎ የሚታይ ማይክሮፎን እንግዲህ ከጌጥነት አያልፍም።

አሁን ሳጥኑን ከሬዲዮው ጋር እናገናኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ የመጠን ነው። ከሬዲዮው ወደ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው 2 ቮልት ያህል ነው እንበል፤ ሳጥኑ በማይክሮፎን መግቢያው የሚጠብቀው ደግሞ 20 ሚሊቮልት ይሁን። ልዩነቱ 100 እጥፍ፣ ማለትም 40 ዴሲቤል ነው። በቀጥታ ቢያያዙ ድምፁ ተቆራርጦ የማይለይ ጩኸት ይሆናል። 10 ኪሎ ኦምና 100 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮችን በተከታታይ አያይዘን ምልክቱን ከትንሿ ሬዚስተር ላይ ብንወስድ 1/101ኛውን፣ ማለትም ወደ 20 ሚሊቮልት ገደማ እናገኛለን።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ጀማሪዎችን ሬዲዮ ያስከፍላል። በብዙ የመኪና ሬዲዮዎች ከሁለቱ የድምፅ ማጉያ ሽቦዎች አንዱም ከመኪናው ሻንሲ ጋር መነካካት የለበትም። ሁለት ማጉያዎች በተቃራኒ አቅጣጫ እየገፉ ድምፅ ማጉያውን የሚያንቀሳቅሱት ስለሆነ፣ አንደኛውን ሽቦ «ኔጌቲቭ ነው» ብሎ ከሻንሲ ማሰር ማጉያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ሽቦው በትክክል ቢታሰርም ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚቀጥን ፉጨት ሊሰማ ይችላል። ምንጩ ዲናሞው ነው። ሬዲዮውና ሳጥኑ በተለያየ ቦታ ከሻንሲ ከታሰሩ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል 1 ሚሊ ኦም ብቻ ተቃውሞ ኖሮ 20 አምፔር ቢያልፍበት 20 ሚሊቮልት ይፈጠራል። ይህ ከማይክሮፎኑ ምልክት ጋር እኩል ነው! ከዚህ ውስጥ የሚወዛወዘው ክፍል ትንሽ ቢሆን እንኳ ጆሮ ይለየዋል። 1 ለ 1 የሆነ የድምፅ ትራንስፎርመር ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ ተለዋዋጩን የድምፅ ምልክት በመግነጢስ ያሻግራል፣ በሁለቱ ወገን መካከል ግን የብረት ግንኙነት አይኖርም።

ሆኖም ትልቁ ጉዳይ የመናገሪያ ቁልፉ ነው። በኢንተርኮም ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊናገሩና ሊሰሙ ይችላሉ። የመኪናው ሬዲዮ ግን ሲያስተላልፍ አይሰማም፤ አንዱ ሲያስተላልፍም ሌሎቹ በዚያው ሞገድ ሊናገሩ አይችሉም። ታዲያ ሬዲዮው መቼ ያስተላልፍ? አንዳንዶች ቮክስ የተባለውን፣ ድምፅ ሲሰማ በራሱ የሚከፍተውን ዘዴ ይመርጣሉ። እጅን ነፃ ስለሚያደርግ ያጓጓል። ነገር ግን የመክፈቻ ወሰኑ ዝቅ ካለ የፓምፑ ጩኸት ራሱ ሬዲዮውን ከፍቶ ሞገዱን ይዘጋዋል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ንግግሩ ጎልቶ እስኪሰማው ድረስ ይዘገያል፣ የመጀመሪያዋም ቀለም ትጠፋለች።

በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ድምፅ ቢቆረጥ አድማጩ ከቀሪው ሊገምት ይችል ይሆናል። አማርኛ ግን በትእዛዝ አንቀጽ አሉታውን ከፊት ያስቀምጣል። «አትክፈት» ከሚለው «አት» ሲቆረጥ የሚቀረው «ክፈት» ነው። «አትግባ» «ግባ» ይሆናል፤ «አትልቀቅ» «ልቀቅ» ይሆናል። የተበላሸው ትእዛዝ ትርጉም የሌለው ቢሆን ኖሮ ሰሚው ይጠይቅ ነበር፤ ይህኛው ግን ሙሉና ግልጽ፣ ፍጹም ተቃራኒም ነው። ባልደረባው ገና ባልተያዘ ቱቦ ውስጥ ግፊት ያለው ውኃ ሲለቀቅ ቱቦው ሰው ሊጥል ይችላል።

ስለዚህ በእኔ አመለካከት ቮክስ ለኢንተርኮሙ ብቻ ይተው፤ ወደ ሬዲዮ የሚያስተላልፈው በእጅ የሚጫን ቁልፍ ይሁን። ቁልፉ የሬዲዮውን የመናገሪያ መስመር በቀጥታ ከማገናኘት ይልቅ በትንሽ ሪሌይ ወይም በብርሃን በሚሠራ መለያ፣ ማለትም በኦፕቶካፕለር፣ ቢያልፍ ከላይ ያገኘነው መለያየት አይፈርስም። ቁልፉን የተጫነው ሰው ማይክሮፎን ብቻ ወደ ሬዲዮው እንዲሄድ መደረግ አለበት፤ አለዚያ የሌሎቹ ወሬ አብሮ ይተላለፋል። ቁልፍም ቢሆን ፈጥኖ የሚናገርን አያድንም፤ ሬዲዮው ለማስተላለፍ፣ ደጋጋሚ ጣቢያ ካለም ለመነሣት፣ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋሉና ተጭኖ ግማሽ ሰከንድ ያህል መቆየት ያስፈልጋል። ትእዛዙን ማሳጠርም አንድ ነገር ነው፤ «አትክፈት» ከማለት «ዝግ ይቆይ» ማለት ቀለም ቢጎድልበት እንኳ ወደ ተቃራኒው አይገለበጥም።

ሙከራው የሚደረገው ሬዲዮውን የሚያስተዳድረው ክፍል ሲፈቅድ ነው፤ ሞገድ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጥበት ንብረት ነውና። ሞተሩ ጠፍቶ የተሳካ ሙከራ ብዙ አይናገርም። ፓምፑ በሥራ ፍጥነቱ እየዞረ፣ አንድ ሰው ከሩቅ ሌላ ሬዲዮ ይዞ ይቁም። ተናጋሪው አሥር ጊዜ፣ «አትክፈት»ንና «ክፈት»ን በዘፈቀደ እያፈራረቀ ይናገር፤ ሰሚው የሰማውን በወረቀት ይጻፍ። ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አሥሩም ካልገጠሙ ሥርዓቱ ለሥራ ገና አልደረሰም።